የሥራ ተጓዦች መረጃ ጥበቃና የሙያ ማኅበራት ድርሻ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄዱ እህቶቻችን የፓስፖርት ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የደም ምርመራ ውጤት በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፣ መጨረሻው ማን ዘንድ እንደሚቀር እነርሱ ራሳቸው አያውቁም። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሳዑዲም የራሷን ሕግ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ ይሁንና የአንዱ አገር ተቆጣጣሪ ሌላው አገር ገብቶ ፋይል ሊያገላብጥ አይችልም። ስለዚህ የሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና የጠበቆች ማኅበራት በዚያ ካሉ አቻዎቻቸው ጋር ምን መረጃ፣ በምን መንገድ እንደሚላክና ቪዛው ከወጣ በኋላ መቼ እንደሚደመሰስ በጽሑፍ ቢስማሙ መልካም ነው። እንደ እኔ እምነት ከምርመራው ውጤት መጀመር አለባቸው፤ ፓስፖርት ይታደሳል፣ የወጣ የጤና ምሥጢር ግን አይመለስም። ወጪውንም፣ እባካችሁ፣ በተጓዦቹ ላይ አትጫኑት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ