ላሊበላን ዳግም ለማየት፦ የቅዳሜ ጉዞ

ሰላም የክፍላችን ልጆች። በልጅነታችን ያየናቸውን የላሊበላ ቅርጾች ዳግም ለማየት የፊታችን ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደሴ ፒያሳ እንነሳለን፤ በወልድያና በጋሸና አድርገን። እሁድ መልስ ነው።

መታወቂያ፣ ነጠላና የእጅ ባትሪ ያዙ። ወፍራም ካልሲም አትርሱ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣውም።

የሲኦል ምሳሌ በሚባለው ጨለማ ዋሻ ባትሪ አጥፍተን ነው የምናልፈው (ያለዚያ ምኑን ሲኦል ሆነ!)። አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከራስ በላይ ይሁን፤ ጣሪያው ግንባር ይመታል። ከቤተ ማርያም ምዕራብ በር በላይ ያሉት ፈረሰኞች ቅርጻቸው ስስ ነው፤ ከፊት ሲበራባቸው ይጠፋሉ፣ ከጎን አብሩ። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ እናንተ በዚያ ሰዓት ቤተ ጊዮርጊስ ሄዳችሁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን ምልክት ፈልጉ።

ሚኒባስ ይሁን ቅጥቅጥ የምንወስነው በቁጥራችን ስለሆነ፣ የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ «አለሁ» በሉ።