አባዬ፣ ስለ ቡድናችን

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው የቤዝቦል ቡድናችን ኤዝ ኦክላንድን ለቆ ወደ ላስ ቬጋስ ስለመዛወሩ ስናወራ በስልክ «ቢሄዱ ይሂዱ፣ ጨዋታ ነው እኮ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ኦክላንድ ታክሲ ስትነዳ የኤዝን ጨዋታ በሬዲዮ ሳትከፍት ውለህ አታውቅም። ከተሳፋሪ ጋር ወግ የምትጀምረውም በኤዙ ተጫዋች በሪኪ ሄንደርሰን ነበር፤ «የከተማችን ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ብቻ ኳሱ ሳይመታ እየሮጠ 130 ቤዝ የሰረቀ» እያልክ።

የሚያንገበግበኝ «ኦክላንድ ደጋፊ ስለሌላት ነው የሄዱት» የሚባለው ነገር ነው። እውነት አይደለም። ምርጥ ምርጦቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ለሌላ ክለብ ተሰጡ። ሰው ሲቀንስ ደግሞ ጥፋቱ የሰው ሆነ። ደጋፊው መልሱን የሰጠው እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2023 ነው። አድማ መታ፤ በመቅረት ሳይሆን በመምጣት። ማክሰኞ ማታ፣ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠ ቡድን፣ 27,759 ሰው! አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰን፣ ከበሮው እየተመታ፣ ባለቤቱን ጆን ፊሸርን «ክለቡን ሽጥ!» እያልን ጮህን። ድምፄ እስኪዘጋ። በዚያው ሳምንት ኔቫዳ ለላስ ቬጋሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ገንዘብ ፈቀደች። በኖቬምበር ወር ደግሞ የሊጉ 30 ክለቦች ባለቤቶች ሁሉ ዝውውሩን ደገፉ። አንድ እንኳ የተቃወመ የለም።

የመጨረሻው ቀን፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024፣ የኤዝ ስታዲየም ኮሊሲየሙ በ46,889 ሰው ጢም ብሎ ሞላ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ ያለቅሳሉ። እንባቸውን እንኳ አይጠርጉም። 3 ለ 2 አሸነፍን። ግን ማን ተነስቶ ይሂድ? ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ነው የሚመስለው። የሜዳውን አፈር በኩባያ ተቀብሎ የሄደም አለ።

የቅርጫት ኳሶቹ ዋሪየርስ በ2019 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ። የአሜሪካ ፉትቦሎቹ ሬይደርስ በ2020 ቬጋስ ገቡ። የቀረን ኤዝ ብቻ ነበር፣ አባዬ።

አሁን ደጋፊው ተከፋፍሏል። የቬጋሱ ስታዲየም እስኪያልቅ የሚጫወቱት ሳክራሜንቶ ነው። «ልጆቹ ምን አጠፉ?» ብሎ እዚያ ድረስ የሚነዳ አለ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን አልሆነልኝም፣ ውጤታቸውንም አላይም። ዌስት ኦክላንድ፣ ራይሞንዲ ፓርክ፣ ቦለርስ የሚባል ትንሽ የቤዝቦል ክለብ ተቋቁሟል። ደጋፊው ራሱ አክሲዮን ገዝቶበታል። በክረምት ስትመጣ እነሱን እናያለን። ትኬቱን ቀደም ብዬ እንድቆርጥ የምትመጣበትን ቀን ንገረኝ።

ልጅህ