ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ስኳርና ስለ ዓይንዎ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣
ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእማማ፣ ለእህቴና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ባለፈው በስልክ ስለ ዓይን ምርመራው ሳነሣብዎ «በመነጽሬ ዳዊቴን ጥርት አድርጌ እደግማለሁ፤ ምን ሆንሁና ነው ሆስፒታል የምሄደው?» አሉኝ። በስልክ ልከራከርዎ አልደፈርሁም። ነገር ግን እዚህ እንግሊዝ አገር በምሠራበት የዓይን ክሊኒክ በየዕለቱ የማየው ነገር ዝም እንድል ስላልፈቀደልኝ፣ ረጋ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንሁ። አባባ፣ ስኳር ዓይንን የሚጎዳው ሳያስታውቅ ነውና፣ ዛሬ ጥርት አድርጎ ማየት ዓይኑ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዓይን በስተኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበል፣ ረቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ከፀጉር በቀጠኑ የደም ስሮች መረብ ይመገባል። የስሮቹ ግድግዳ ከውስጥ አንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከውጭ ደግሞ ግድግዳውን ደግፈው የሚይዙና የደሙን ፍሰት እንደ አስፈላጊነቱ የሚቆጣጠሩ ሌሎች ሕዋሳት ይገኛሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድመው ከሚሞቱት መካከል እነዚህ ደጋፊዎች ናቸው። ደጋፊ ያጣው ስር ቦታ ቦታው ላይ ያብጥና ውሎ አድሮ እንደሚያዥ እንስራ ውሃና ቅባት ያንጠባጥባል። ፈሳሹ ፊደል በምንለይበትና የሰው ፊት በምናውቅበት፣ ማኩላ በሚባለው መካከለኛ ቦታ ላይ ከተጠራቀመ እይታ ይደበዝዛል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ከሆነ ግን ሰውየው ምንም ሳይሰማው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እርስዎ ዳዊት መድገምዎ የሚነግረን ስለዚያች መካከለኛ ቦታ ብቻ ነው።

ከማንጠባጠቡ ይልቅ የሚከፋው የስሮቹ መዘጋት ነው። ደም የማይደርሰው የረቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጥረው አዳዲስ ስሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ይህ ጥረት ብዙዎችን ለዓይነ ስውርነት ዳርጓል፤ አዲሶቹ ስሮች ደካሞች በመሆናቸው በቀላሉ እየተበጠሱ ዓይን ውስጥ ይደማሉ፣ አብሯቸው የሚያድገው ጠባሳም ረቲናውን ስቦ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። «ትናንት ደህና ነበርሁ፤ ዛሬ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይዋኛል» እያሉ ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ሰዎች ሕመሙ ትናንት የጀመራቸው ይመስላቸዋል። ስሮቹ ግን ከተጎዱ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ለእነርሱ ማስረዳት በጣም ይከብደኛል።

ሕክምናው አለ። በሌዘር የረቲናውን ዳር ዳር በመተኮስ የኦክስጅን ፍላጎቱን ይቀንሱለታል፤ ያንን ስር አብቃይ ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒትም ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። መርፌው ሲወራ ያስፈራል እንጂ ዓይኑ አስቀድሞ ስለሚደነዝዝ ብዙዎች በደህና ይችሉታል። ሆኖም እነዚህ ሕክምናዎች በአብዛኛው የቀረውን ብርሃን ያድናሉ እንጂ የጠፋውን ሙሉ በሙሉ አይመልሱም፤ የምጨቀጭቅዎ ስለዚህ ነው። እዚህ አገር የስኳር ሕመምተኞች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በየጊዜው እየተጠሩ የረቲናቸው ፎቶ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ስኳር ያመጣው የዓይን ጉዳት ቢያንስ በ50 ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋነኛው የዓይነ ስውርነት ምክንያት መሆኑ ቀርቷል።

ስኳሩን በተመለከተ፣ «ዛሬ ተለክቼ 120 ነው» ማለት ደስ ቢያሰኝም ለስሮቹ የሚበጀው የወራት ልክ ስለሆነ፣ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ። የደም ግፊትዎንም አይርሱት። እዚሁ እንግሊዝ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የትንንሽ ደም ስሮችን ጉዳት በ25 በመቶ፣ ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር ደግሞ የዓይኑን ጉዳት መባባስ በ34 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጾም ወራት መድኃኒቱን በራስዎ ፈቃድ አይተዉት፤ ሰዓቱን ሐኪምዎ ያስተካክሉልዎ።

እንግዲህ የምለምንዎ በዚህ ወር ውስጥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል እንዲሄዱ ነው። ብሌንዎን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚያደርጉልዎ ለጥቂት ሰዓታት ይደበዝዝብዎታል፣ ፀሐዩም ይወጋዎታል፤ ስለዚህ እህቴ አብራዎት ትሂድ፣ ባርኔጣዎንም ይያዙ። ለምርመራው የሚሆነውን ገንዘብ ልኬላታለሁ። እርሷም ማኩላው ላይ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን፣ አዲስ ስር መብቀል አለመብቀሉንና የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቃ በወረቀት ትያዝልኝ። ምንም ጉዳት የለም ቢሉዎትም በዓመቱ ተመልሰው ይታዩ።

አክባሪ ልጅዎ