ቻይናውያን ተማሪዎች እንግሊዝኛን የሚያልፉት በሽምደዳ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስለሚደረግ የእንግሊዝኛ ዝግጅት በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለተማሪዎቻችን በቅንነት አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ቻይናውያን ተማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሸምድደው ማንኛውንም የእንግሊዝኛ ፈተና እንደሚያልፉ፣ የእኛም ልጆች ይህንኑ መንገድ ቢከተሉ እንደሚበጃቸው የመከሩበት ክፍል ካየሁት ጋር ስላልተስማማልኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ሽምደዳው በእርግጥ አለ። ነገር ግን እኔ የማውቃቸውን ተማሪዎች ያሳለፋቸው እርሱ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙዎቹን ያዘገያቸው እርሱ ነው።

በቻይና መንግሥት የትምህርት ዕድል በዉሃን ከተማ የሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ስከታተል ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ባይሆንም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩበት በመሆኑ፣ በትምህርት ክፍላችን የነበሩ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ድርሰታቸውን እንዳርምላቸው፣ ያልገባቸውንም ዓረፍተ ነገር እንዳብራራላቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ዉሃን የሕዝብ ማሞቂያ ከተዘረጋላቸው የሰሜን ከተሞች ክልል ውጭ ስለሆነች፣ በብርዱ ወራት ተማሪው በማጥኛ ክፍል የሚቀመጠው ወፍራም ካፖርቱን እንደለበሰ፣ የሙቅ ውሃ ፔርሙሱን አጠገቡ አኑሮ ነው። ገና ሳይነጋ ወንበር ለመያዝ መጽሐፍ አስቀምጠው የሚሄዱትን፣ በደረጃው ሥር ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡትን ልጆች ትጋት ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳቸውም።

ፈተናው በቻይናውያኑ አጠራር ካዎየን ይባላል፤ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የሚወሰድ አገር አቀፍ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 4.74 ሚሊዮን ሰዎች ተመዝግበውበት ነበር፤ በ2025 ቁጥሩ ወደ 3.88 ሚሊዮን ወርዷል። በዲሴምበር ሁለተኛ አጋማሽ በሚውል ቅዳሜ፣ ጠዋት የፖለቲካ ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት እንግሊዝኛ ይሰጣል። ከ100 ነጥብ የሚታረመው ይህ የእንግሊዝኛ ፈተና ለብዙዎች የበሩ ማነቆ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው አጠቃላይ ውጤቱ በቂ ቢሆን እንኳ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተቆረጠው ነጥብ በታች ከወደቀ ለቃለ መጠይቅ አይጠራም። ለምህንድስና ተማሪዎች ይህ መቁረጫ በቅርብ ዓመታት ከ40 በታች ሆኖ ሳለ እንኳ በአንድና በሁለት ነጥብ ቀርተው ዓመቱን የደገሙ ልጆች አውቃለሁ። ፈተናውን መድገም በእነርሱ ዘንድ «ሁለተኛው ውጊያ» ይባላል፤ ይህን ስም የሰጡት የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ ካዩ በኋላ እንደሆነ ይገባኛል።

የፈተናው መርሐ ትምህርት 5500 ያህል ቃላትን ይዘረዝራል። ጸሐፊው ያዩት ሽምደዳ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሚሄድ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «አባንደን» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙም «መተው» ማለት ነው። ዝርዝሩን ከፍተው ከዚያች ቃል ብዙም ሳይርቁ የሚያቆሙት ተማሪዎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ቻይና ውስጥ እንግሊዝኛ ተምሮ ይህን ቃል የማያውቅ ሰው አይገኝም። ጸንተው እስከ መጨረሻው የደረሱትስ ምን አገኙ? እኔ ዘንድ ከመጡት መካከል 5000 ቃላትን በእርግጥ የሚያውቁ፣ ሆኖም የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም እየነገሩኝ ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል መናገር የማይችሉ ነበሩ። ከ100 ነጥብ ቢያንስ 60ው የሚገኘው ከንባብና ከትርጉም ሲሆን፣ የሚቀርቡት ምንባቦች ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከተጻፉ ጋዜጦችና መጽሔቶች የተወሰዱ ናቸው፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር አራትና አምስት መስመር ሊወስድ ይችላል። እዚያ ላይ የቃል ዝርዝር ብቻውን አያሻግርም።

እንግዲህ ያሻገራቸው ምን ነበር? ጠንቃቆቹ ተማሪዎች ያለፉትን ዓመታት እውነተኛ ፈተናዎች፣ እነርሱ ጀንቲ የሚሏቸውን፣ ያወጣሉ፤ ከአንድ ምንባብ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይመርጣሉ፤ ዋናውን ግሥ ፈልገው ያሰምሩበታል፤ ባለቤቱን ለይተው ያከብቡታል፤ ከዚያም የቀሩትን ገላጭ ሐረጎች አንድ በአንድ እየቀነሱ እያንዳንዱ የትኛውን ስም እንደሚገልጽ በቀስት ያመለክታሉ። በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩን ወደ ቻይንኛ ይመልሱታል፤ ይህም ቃል በቃል ሳይሆን ቻይናዊ ሰው በተፈጥሮው በሚለው መንገድ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባቸው ቀን ነበር። ከውጭ ሲታይ እጅግ የዘገየ ሥራ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን ያው ልጅ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገርን በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ ሳይ ሐሳቤን ለወጥኩ።

የዚህ ሥራ አስፈላጊነት የገባኝ በአማርኛ ሳስበው ነው። እኛ «ትናንት ከገበያ የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል መግለጫውን ሁሉ አስቀድመን መጽሐፉን መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። ቻይንኛም እንዲሁ ነው፤ መግለጫው ይቀድማል፣ «ደ» የምትል ትንሽ ቃል ትገባለች፣ ከዚያ ስሙ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ይጠራና የተገዛበትን ቀንና ገበያ ከኋላው ያስከትላል፤ በዚያ ላይ ሌላ መግለጫ፣ በመግለጫው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሊጨምር ይችላል። ቻይናዊው አንባቢ ስሙ መጨረሻ ላይ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ስሙ ከኋላው ቀርቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቃል ሳይሆን ዓይኑን በሌላ አቅጣጫ ማለማመድ ነው፤ ይህም የእርሱን ቋንቋ አሠራር አውቆ ልዩነቱን ከመለየት ውጭ በሌላ መንገድ አይገኝም።

ልዩነቶቹ በዚህ አያበቁም። የቻይንኛ ግሥ ለትናንትም ለነገም አይለወጥም፤ ጊዜውን የሚናገሩት ሌሎች ቃላት ናቸው። «እሱ» እና «እሷ» በጽሕፈት ቢለያዩም በንግግር ሁለቱም «ታ» ስለሚባሉ፣ ጎበዝ የሚባለው ተማሪ እንኳ ስለ እናቱ በእንግሊዝኛ ሲያወራ «እሱ» ሲል ትሰማላችሁ። አላዋቂነት አይደለም፤ በአፉ ውስጥ ያልነበረ ልዩነት ነው። አንድን ስም የታወቀ ወይም ያልታወቀ የሚያደርግ ምልክትም የላቸውም። እኛ ግን «ቤት» እና «ቤቱ» ብለን እንለያለን፣ ግሣችንም ጾታንና ጊዜን ተሸክሞ ይዞራል፤ ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የእኛ ተማሪ እንደ ቻይናዊው አይደናቀፍም። በሌላ በኩል «አልበላህም?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ፣ አልበላሁም» ብሎ የሚመልሰው አማርኛ ተናጋሪና ቻይናዊው በአንድነት ይሳሳታሉ፤ እንግሊዝኛው እዚያ ላይ «ኖ» ይላልና። ቁጥርም አለ፦ ቻይናውያን አሥር ሺህን በአንድ ቃል «ዋን» ብለው በእርሱ ይቆጥራሉ፣ ልክ የጥንቱ ሰው በ«እልፍ» እንደቆጠረው። የካዎየን እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ሰንጠረዥ ተሰጥቶ ድርሰት ሲጠየቅ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋን ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል መለወጡ አስቸግሯቸው አንዲት ዜሮ ያጎደሉ ወረቀቶች አርሜአለሁ።

የጋዜጣው ጸሐፊ ማወቅ የሚገባቸው ሌላው ነገር ቻይናውያኑ ራሳቸው በዝግጅታቸው የማይረኩበት ምክንያት መኖሩ ነው። «ድዳ እንግሊዝኛ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአገር አቀፉ ካዎየን የማዳመጥ ክፍል የለም፤ መናገርም በጽሑፍ ፈተናው አይመዘንም፤ ሁለቱም ለቃለ መጠይቁ ተትተዋል። ስለዚህ ለውጭ ዶክትሬት አይኤልትስ ወይም ቶፍል የተባሉትን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች የሚወስዱ የቤተ ሙከራ ባልደረቦቼ በንባብ ከፍተኛ ነጥብ አግኝተው በንግግር ይወርዱ ነበር። እዚህ ላይ ሽምደዳ ተመልሶ ይመጣል፦ የአይኤልትስ የንግግር ርእሶች በየጥቂት ወሩ ስለሚታደሱ፣ ርእሶቹን ከቀደሙ ተፈታኞች ሰብስቦ ለእያንዳንዱ የተዘጋጀ መልስ ማጥናት የተለመደ ነው። ፈታኙ ግን በቃል የተጠናን ንግግር ከድምፁ ዜማ ይለየዋል፤ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ ጣል ሲያደርግም የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይሰበራል።

ስለ ድርሰቱም እውነቱን መናገር አለብኝ፣ እኔም አጥፍቻለሁና። በካዎየን እንግሊዝኛ ከ100 ነጥብ በመጀመሪያው ዓይነት 30ው፣ በሁለተኛው ደግሞ 25ቱ ለጽሕፈት የተተወ ነው፤ አንድ አጭር ደብዳቤ፣ ከዚያም በሥዕል ወይም በሰንጠረዥ ላይ የተመሠረተ ድርሰት ይጠየቃል። በደብዳቤው ተፈታኙ በራሱ ስም እንዳይፈርም፣ በምትኩ «ሊ ሚንግ» ብሎ እንዲጽፍ ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት ልረዳቸው ብዬ ለማንኛውም ርእስ የሚሆን አንድ ያማረ መግቢያ አንቀጽ ጻፍኩላቸው። ከሳምንት በኋላ ያው አንቀጽ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ንባብ ባህል በተጻፉ የልምምድ ድርሰቶች ሁሉ አናት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከሥሩ ያለው የተማሪው የራሱ ጽሑፍ ደግሞ ከበፊቱ ደክሞ ነበር። መግቢያው ስለተሰጣቸው ስለ ጉዳዩ ማሰብ ትተው ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም የተዘጋጀ አንቀጽ አልሰጠሁም።

በሽምደዳ የሚመጣው ጉዳት ከአንድ ተማሪም አልፎ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጂአርኢ የተባለው፣ ለውጭ አገር ድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚወሰደው ፈተና አዘጋጆች ተፈታኞች ከኮምፒውተር ፈተናው ያስታወሷቸውን ጥያቄዎች በቻይንኛና በኮርያኛ ድረ ገጾች ላይ ለሌሎች እንደሚያስተላልፉ ስለደረሱበት በቻይና፣ በሆንግ ኮንግ፣ በታይዋንና በደቡብ ኮርያ የኮምፒውተር ፈተናውን አቁመው ወደ ወረቀት መለሱት። ቻይና ውስጥ ይህ ሁኔታ አዲሱ ጂአርኢ እስከጀመረበት እስከ 2011 ቆየ። በገዛ ጥረታቸው የተዘጋጁት ሁሉ በዓመት የተወሰኑ ቀናትን እየጠበቁ፣ በጥርጣሬ ዓይንም እየታዩ የሌሎችን አቋራጭ ዋጋ ከፍለዋል።

ከሁናን የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረች። የአካባቢዋ ሰው «ን» እና «ል»ን ስለሚያቀላቅል ለመናገር ታፍር ነበር፤ በመጀመሪያው ፈተናዋም አጠቃላይ ውጤቷ በቂ ሆኖ በእንግሊዝኛ በሁለት ነጥብ ወደቀች። በሁለተኛው ውጊያዋ የቃል ዝርዝሩን ትታ በየቀኑ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ብቻ ወሰደች። በግራ ገጽ እንግሊዝኛውን ከነቀስቶቹ፣ በቀኝ ቻይንኛውን ትጽፋለች፤ ከሥሩም ቻይንኛዋ ለምን እንዳሳሳታት በአንድ መስመር ትመዘግባለች። ማታ ማታ ያንን ዓረፍተ ነገር ዘግታ በራሷ አባባል ጮክ ብላ ለእኔ ትነግረኝ ነበር፤ መናገርን የለመደችውም በዚሁ ነው። በየካቲት ውጤቷ ሲወጣ መቁረጫውን በሰፊ ልዩነት አልፋ ነበር፤ ለቃለ መጠይቁም ያለ ጥናት ወረቀት ገባች።

ስለዚህ የተከበሩት ጸሐፊ የቻይናውያኑን ትጋት ለልጆቻችን በአርአያነት ማቅረባቸውን ሳልነቅፍ፣ የሚመክሩት ነገር ግን የቃል ዝርዝሩ ሳይሆን ይህ ደብተር እንዲሆን እለምናቸዋለሁ። ቻይናዊቷ የቀኝ ገጽዋን በቻይንኛ እንደሞላችው የእኛ ተማሪ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሚያስብበት ቋንቋ ይሙላው፤ የሚሳሳትበትም ቦታ ከእርስዋ የተለየ እንደሚሆን ከላይ ካነሣኋቸው ምሳሌዎች ይታያል። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ስሠራ ለራሴ በአማርኛ እየተረጎምኩ ያስቀመጥኳቸው ከመቶ በላይ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች በእጄ አሉ። የጋዜጣው የትምህርት ዓምድ ይጠቅማሉ ብሎ ከወሰነ ቅጂውን ያለ ምንም ክፍያ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በዉሃን የተማረ መሐንዲስ
ከባሕር ዳር