የጀልባ ሞተር ብሎን ቀዳዳ ሲሊኮን ብቻ አይበቃውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሐይቅ ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች ሞተር የምትገጥሙ የደሴና የኮምቦልቻ ባለሙያዎች ይህን አደራ ስሙን። ሞተሩ በብሎን የሚታሰርበት የፋይበርግላስ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ውስጡ ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ነው። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በብሎኑ ቀዳዳ የተቀባው ሲሊኮን ይላቀቃል፤ ውኃው በእንጨቱ ንብርብር መሀል ይሰርጋል፤ ከውጭ ሳያስታውቅ ውስጡ ይበሰብሳል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዋናው ነገር ብሎኑ እንጨቱን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ለ10 ሚሊ ብሎን በ16 ሚሊ መብሻ ይበሳ፤ ከወዲያ በኩል ጣውላ ካልተደገፈ ፋይበሩ ይፈነቀላል። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ። መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) በብሩሽ ይቀባና እንጨቱ ይጠጣው፤ ከዚያ በሲሊካ ዱቄት እንደ ገንፎ የወፈረ ኢፖክሲ ይሞላ። የመኪና ስቱኮ ፈጽሞ አይተካውም፤ እሱ ራሱ ውኃ ይጠጣል። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ በደሴ ብርድ ከኮምቦልቻው ይዘገያል።

ከደረቀ በኋላ መሀሉ በ10.5 ሚሊ ይበሳ፣ አፉ በትንሹ ይስፋ፤ የጀልባ ፖሊዩሬታን ማሸጊያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ብሎኑ ሲታሰር ዳዶው ብቻ ይዙር። ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያው ይቀደዳል። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት።

የጀልባ ጥገና ሠራተኞች፣ ከኮምቦልቻ