ሰዓቱን ስትቀንሱ የሰዓት ልዩነቱን ረሳችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ዱባይና ስለ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ በረራ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «መሄጃው 11 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ይላል። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሲያነብ የደነገጠ ሰው ከዝግጅት ክፍላችሁ እንዴት ጠፋ?

ጸሐፊው ያደረገው ግልጽ ነው። ከዱባይ መነሻው 10:30፣ መድረሻው 22:00፤ አንዱን ከሌላው ቀነሰ። ግን 10:30 የዱባይ ሰዓት ነው፣ 22:00 ደግሞ የጓንዡ። ጓንዡ ዱባይን በ4 ሰዓት ስለምትቀድም በረራው 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስትመለሱ ደግሞ 4 ሰዓቱ ይደመራል፦ 00:15 ተነስቶ 04:45 ዱባይ የሚያርፈው አውሮፕላን 8 ሰዓት ተኩል በርሯል። አንድ ሰዓት የሚረዝመው ከላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄድ ስለሚገፋው፣ ሲመለስ ስለሚገጥመው ነው። ርቀቱ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እናንተው ጽፋችኋል። ለ4 ሰዓት ተኩል አካፍሉት፤ በሰዓት ወደ 1,290 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነው! እንዲህ ይበር የነበረው ኮንኮርድ የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ሥራ አቁሟል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የመመለሻውን በረራ «ማክሰኞ ሌሊት» ማለታችሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ሲባል ማክሰኞ ከመሸ በኋላ ያለውን እንረዳለን። በፈረንጆቹ ሰዓት ግን ማክሰኞ 00:15 ማለት ሰኞ የመሸበት ሌሊት ነው። ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ትኬቱን የሸጠልኝ የአገሬ ሰው እንደ እናንተው «ማክሰኞ ሌሊት» አለኝ። ማክሰኞ ማታ ሻንጣዬን እየጎተትኩ የጓንዡው ባይዩን አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። የወሩን ትርፍ ለሁለተኛ ትኬት ከፈልኩ፤ ልጄ ታማ ዱባይ ትጠብቀኝ ነበር።

ለነገሩ እኛ በዘገባችሁ ውስጥ የለንም። ተሳፋሪዎቹ «ቻይናውያንና ዓረቦች» ናቸው አላችሁ። በጓንዡ የካንቶን የንግድ ትርኢት በየጸደዩና በየመኸሩ ሲከፈት ከዱባዩ ሰፈር ከዴይራ ተነስተን ጫማና ጨርቅ የምናመጣ ኢትዮጵያውያን ሴቶችስ? ጋዜጣችሁን በአማርኛ የምናነበው እኮ እኛ ነን!

የማክሰኞ 00:15 በረራ በአማርኛ ስም አለው፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ»። እናቶቻችን የሚሉት ይህንኑ ነው። እባካችሁ ማስተካከያውን በዚሁ ቃል፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡት፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመለሱ ሴቶች ጓንዡ ናቸው።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ የተመዘገበ
ከዴይራ፣ ዱባይ