የፈነዱ ከዋክብት ምስሎች ከነማብራሪያቸው ይቅረቡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ካሲዮፒያ ኤ የተባለውን የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ምስል በሰሞኑ እትማችሁ በማውጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ከምስሉ ሥር የሰፈረው መግለጫ፣ ቀለሞቹ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት በዓይኑ የሚያያቸው አስመስሎ በማቅረቡ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ምስሉ በጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ የተነሳው ዓይናችን ጨርሶ በማይለየው የኢንፍራሬድ ጨረር ሲሆን፣ ለየሞገድ ርዝመቱ ቀለም የመደቡለት ባለሙያዎች ናቸው። በዳርቻው እንደ መጋረጃ የተዘረጋው ብርቱካናማና ቀይ ክፍል፣ ከኮከቡ የተወረወረው ቁስ በዙሪያው ከነበረው ጋዝ ጋር ሲላተም የሞቀ አቧራ ነው።

ይህን የማነሳው ለቃላት ጥንቃቄ ብቻ ብዬ አይደለም። ኢንፍራሬድ መሆኑ ካልተነገረው አንባቢ የሚሰወርበት ዋናው ቁም ነገር ይኸው አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ትልቁ የማጀላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ የታየው ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) 1987ኤ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። ፍንዳታው ከታየ 500 ቀናት ያህል ካለፉ በኋላ የሚታየው ብርሃኑ በፍጥነት ሲደክም፣ የኢንፍራሬድ ጨረሩ ግን ጎላ፤ በብርሃኑ ኅብረ ቀለም ውስጥ ያሉት መስመሮችም ወደ ሰማያዊው ወገን ተሳቡ። ምክንያቱም በሚበርደው ጋዝ ውስጥ አዲስ አቧራ ተፈጥሮ፣ ከእኛ እየራቀ ከሚሄደው የወዲያኛው ወገን የሚመጣውን፣ ወደ ቀይ የሚያጋድለውን ብርሃን ጋርዶት ነበር፤ የቀረልንም ወደ እኛ ከሚመጣው ወገን የሚደርሰን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያጋድለው ብርሃን ነው።

በወቅቱ የተገመተው አቧራ ከፀሐይ ግዝፈት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የኸርሼል የጠፈር ቴሌስኮፕ ምልከታ ግን፣ ከ100 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) በሚረዝሙ የኢንፍራሬድ ሞገዶች፣ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የቀዘቀዘና የፀሐይን ግዝፈት ግማሽ ያህል የሚመዝን አቧራ አሳየ። እኔ ከዚህ መስክ ግኝቶች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው፤ አቧራው እዚያው ነበረ፣ ነገር ግን እጅግ ቀዝቃዛ በመሆኑ በአጫጭር ሞገዶች የሚፈልጉት ሊያገኙት አልቻሉም። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ቅሪቱ መሐል ተመልሶ የሚገባውን የግጭት ማዕበል ተቋቁሞ እንደሚተርፍ ደግሞ እስካሁን እየተጠና ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምስል ስታወጡ የሞገዱን ዓይነትና የቀለሞቹን ትርጉም እንድትጠቅሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። «በኢንፍራሬድ የተነሳ፤ ቀዩና ብርቱካናማው ሞቃት አቧራ ነው» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ